ናሙና ቁጥር ሰባት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፣
ይህን ወንዝ የሰየመው መልአክ ግን ቀን የሳተ መሰለ፤
እንደኔው ደመወዝተኛ፣ እንደኔው ችኩል ነበር፣
«ጥቁር ውሃ» ብሎ መዘገበው፣ ገና ጠጠሩ ሲቆጠር፣
ገና ቆሮሶ የራሱን ጥላ እየቀደመ ሲሻገር።

ማክሰኞ ጠዋት ባጃጁ ድልድዩ ላይ አወረደኝ፣
ቦቲዬን አጠለቅሁ፤ ቄጠማው እንደ ወትሮው ሊያዳልጠኝ ቃጣ፣ ተወኝ።
ሳጥኔ ውስጥ አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ እስክሪብቶ፣ በረዶ፤
ከላይ ከማጠቢያው በኩል የሲኖትራክ ጡሩምባ፣
ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ከሰል አውርዶ
አሁንም ሌላ ሊያመጣ የሚጣደፍ።

ከሰል ያጥባሉ እዚያ። እኛ ቤት ይሄ ስድብ ነበር፤
«ከሰል አጥቦ ሊያነጣ» ይባላል፣ ለማይሆን ነገር ለሚጥር።
የታጠበው ይጫናል፤ ያጠበው ይለቀቃል፤
በቦዩ ይወርዳል፣ ረግረጉን ያቋርጣል፣
እኔ ጋ ሲደርስ ስሙን አግኝቷል።

ናሙና ቁጥር ሰባት፤ የላታሞ ፓምፕ ከሚጠባበት፣
ድንጋዩ ሁሉ ዝገት ከለበሰበት፣
እጅ ሲነካው እንደ አስኳል ከሚለጠፍ፣
ከሩቅ ከሚያምር፣ ከቅርብ ከሚቀፍፍ።
መለኪያዬን ነከርኩ።
አራት ነጥብ ሁለት።
አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ደግሜ ነከርኩ፤
አራት ነጥብ አንድ።
ከቅጹ ዳር «ሎሚ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሰረዝኩ።

ላታሞ ከጥቅል ጎመኑ መሃል ቀና አለ፣ ባርኔጣውን አነሳ፤
እያንዳንዷን ተክል የሚያውቃት በጠባሳ፤
ይቺ ጠርዟ የተቃጠለች፣ ያቺ መሃሏ የገረጣ፣
ይቺ ደግሞ ደህና ናት፣ ለገበያ የምትወጣ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ያን ቁጥር ስትጽፊ
ከጎኑ የማንን ስም ነው የምትለጥፊ?
የከሰሉን ከሆነ እሰየው። የኔን ማሳ ከሆነ ይቅር።
አምና አንዱ መጥቶ ጻፈ፣ ወረቀቱ ከተማ ገባ፤
ከሰሉ አልቆመም።
የቆመው የኔ ጎመን ነው፣ ጋሪ ላይ፣ ሦስት የገበያ ቀን፣ ዝንብ እየወረረው።
ወንዙ አይከሰስ፣ ባለማጠቢያው አይጠራ፣
ቅጠሌን ነው የሚደፉት፣ ሚስቴን ነው የሚያስነሷት ከጉሊት ተራ።»

የተማርኩት መልስ ነበረኝ፤
«ለኅብረተሰቡ ጤና ሲባል…» ብዬ ጀመርኩ፣ አፌ ላይ ቀረብኝ።

እሱ ግን ሥራ አለው። የፓምፑን ገመድ ሦስቴ ሳበ፣ በአራተኛው አገሳ፤
ውሃው እየተሽቀዳደመ በየፈሩ ተነሳ።
የሚያጠጣውን እያወቀ የሚያጠጣ ሰው አይታችኋል?
በእግሩ አፈሩን እየከፈተ፣ እየዘጋ፣
ለታመመ ልጅ መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ቀስ እያለ፣ እየተጠነቀቀ፣
የሚቃጠለው እንዳይቃጠል።

ስሄድ ጠራኝ። ከደህናዎቹ አንዷን ቆርጦ፣ በእንሰት ቃጫ አስሮ
«ለቤትሽ» አለ። «አይ» ማለት እንዴት ይቻላል?
ተቀበልኩ።

ባጃጁ ውስጥ ሳጥኔ እግሬ ሥር፣ ጎመኑ ጭኔ ላይ።
«ያምራል፣ በስንት ገዛሽው?» አለ ሾፌሩ።
ከፊታችን በሚሄደው ባጃጅ ጀርባ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣
«ጎመን በጤና» ተብሎ ተጽፏል።
ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ቢሮ ገብቼ የሰባትን ወረቀት ላጥኩ፤
«የላታሞ ማሳ» የሚለውን ቀድጄ በአዲስ ጻፍኩ፦
«ከከሰል ማጠቢያው መውጫ በታች፣ ስምንት መቶ ሜትር።»
ቁጥሩ ያው ነው። አራት ነጥብ አንድ።
አለቃዬ አነበበ፣ አየኝ፣ መሳቢያውን ከፈተ።
ፊርማው ያለበት ይሁን ወይ ቁልፉ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ጎመኑ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከነቃጫው።
ዛሬ ዓርብ ነው።
ቢላዋ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።
አልቀቀልኩትም። አልጣልኩትም።
ውጪው ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል፤ ውስጡ ግን
ስጫነው ጠንካራ ነው፣ ደህና ይመስላል።